ሮቶ ሲሞላ የሚቀሰቅስ ደወል፦ በአርዱይኖ ቦርድ ደረጃ በደረጃ

ባሕር ዳር፣ አባይ ማዶ በተከራየሁበት ግቢ የቧንቧ ውኃ የምትመጣው ሌሊት ነው። ጣና ደጃችን ተኝቶ፣ አባይ ከሥራችን እየፈሰሰ፣ እኛ እንቅልፍ አጥተን የቧንቧ ፉጨት እናዳምጣለን። ፉጨቱ ሲሰማ አከራዬ ተነስተው የሮቶውን ቧንቧ ይከፍታሉ። ከዚያ በኋላ ከሁለት አንዱ ነው። ወይ ዱካ ላይ ቁጭ ብለው ሲጠብቁ ያነጋሉ፤ ወይ «እስቲ ትንሽ ጋደም ልበል» ይሉና ሮቶው ሞልቶ ይፈሳል፣ ግቢው ጭቃ ይሆናል። በዚያ ጠዋት የኔ በር ይንኳኳል።

«አንተ ልጅ፣ ያን ሁሉ ዓመት የተማርኸው ለአንዲት ሮቶ የሚሆን የለውም?»

«እትዬ፣ አንድ ሳምንት ይስጡኝ» አልኳቸው። ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ። ይህን የምጽፈው እናንተ በሁለት ቀን እንድትጨርሱት ነው።

አንድ ነገር ቀድሜ ልናገር። ውኃ ሲሞላ ራሱ የሚዘጋ፣ ተንሳፋፊ ኳስ ያለው መዝጊያ ገበያ ላይ አለ። መብራት አይፈልግም፣ ኮድ አይፈልግም። የናንተ ኳስ የሚሠራ ከሆነ ደወሉን ለመማሪያ ብቻ ሥሩት። የኛን ግቢ ኳስ ደለል ይዞት ግማሽ መንገድ ላይ ተጣብቆ ቀርቷል። ደግሞም አከራዬ ሮቶው ከሞላ በኋላ በርሜልና ጀሪካን መሙላት ይፈልጋሉ። ስለዚህ መንቃታቸው የግድ ነው።

ስለ ቦርዷ ጥቂት

አርዱይኖ ኡኖ ከመዳፍ የማትበልጥ ቦርድ ነች፤ በተጫነባት ኮድ ሴንሰር የምታነብ፣ መብራትና ደወል የምታዝ ትንሽ ኮምፒውተር በሏት። ላይዋ ላይ ያለችው ጥቁር ቺፕ አትሜጋ 328ፒ ትባላለች። ፍጥነቷ 16 ሜጋ ኸርዝ ነው። ኮድ የሚቀመጥበት ቦታ 32 ኪሎ ባይት፣ ራሟ ደግሞ 2 ኪሎ ባይት ብቻ። ስልካችሁ ውስጥ ያለ አንድ ፎቶ ለብቻው ከዚህ ይበልጣል። ለሮቶ ግን ምን ያንሳታል? 14 ዲጂታል እና 6 አናሎግ እግሮች፣ ማለትም ሽቦ የሚሰካባቸው ቀዳዳዎች፣ አሏት። እኛ ከ10 በታች ነው የምንጠቀመው።

እኔ የምወድላት ሌላ ነገር ነው። ኦፕሬቲንግ ሲስተም የላትም። መብራት ሄዶ ሲመለስ «ቆዩ ልነሳ» አትልም። የተጫነባት ኮድ መብራት ጠፋም አልጠፋም እዚያው ነው። ኃይል ባገኘች በሁለት ሦስት ሰከንድ ውስጥ ሥራዋን ትቀጥላለች። የኛን ሰፈር መብራት የሚያውቅ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል።

የተጀመረችው በ2005 እ.ኤ.አ. ጣሊያን አገር ኢቭሬያ በምትባል ከተማ፣ ለተማሪዎች ተብላ ነው። ስሟን ያገኘችው ሠሪዎቿ ይሰበሰቡበት ከነበረ መጠጥ ቤት ነው። ንድፏ ለሁሉም ክፍት ስለሆነ ማንም ፋብሪካ ሊያመርታት ይችላል። ስለዚህ ቻይና ሥሪቱን ስትገዙ ሌባ ዕቃ የገዛችሁ አይምሰላችሁ። እኔም ያለኝ እሱ ነው።

ደረጃ 1፦ ዕቃ መሰብሰብ

አንድ ኡኖ ከነገመዷ። አንድ ብሬድቦርድ፣ ማለትም ያ ቀዳዳ በቀዳዳ የሆነው ነጭ ፕላስቲክ። ጃምፐር ሽቦ ሠላሳ ያህል። ቀይ፣ ቢጫና አረንጓዴ ኤልኢዲ፣ ከሦስት ባለ 220 ኦም ሬዚስተር ጋር። አንድ ባለ ሦስት እግር ባዘር፣ የሚጮኸው እሱ ነው። አንድ የምትጫን ትንሽ ቁልፍ። ሮቶውን የምትለኩበት ሜትር። እና ርቀት የሚለካ የአልትራሳውንድ ሴንሰር።

ሴንሰሩ ሁለት ዓይነት ነው። ርካሹ ኤችሲ-ኤስአር04 ሁለት ክብ ዓይን አለው፤ ፊቱ ክፍት ስለሆነ እርጥበት ይገድለዋል። ሁለተኛው ጄኤስኤን-ኤስአር04ቲ ነው። እሱ ዓይኑ አንድ ነው፤ ውኃ የማያስገባና በረጅም ገመድ ከሰርኪዩቱ የተለየ ነው። ሮቶ ውስጥ የሚኖረው ሁለተኛው ነው። ለመለማመጃ ግን የመጀመሪያውን ግዙ። ተሳስታችሁ ብታቃጥሉትም አያንገበግብም።

የት ይገኛል? ባሕር ዳር ውስጥ ቴሌቪዥንና ሬዲዮ የሚጠግኑ ሰዎች ሬዚስተርና ኤልኢዲ አይጠፋቸውም፤ ከወዳደቀ ዕቃ ነቅለው ይሰጧችኋል። ቦርዱና ሴንሰሩን እኔ የማውቃቸው ሰዎች ከአዲስ አበባ በሰው ነው የሚያስመጡት። ሌላም መንገድ አለ። ፖሊ በምንለው የምህንድስና ግቢ የመመረቂያ ፕሮጀክቱን አስረክቦ ቦርዱ መሳቢያ ውስጥ የተኛችበት ልጅ አይጠፋም። የኔ የመጣችው ከእንዲህ ያለው ነው። አንድ ጥግዋ ላይ ስታኞ ተንጠባጥቦባት ነበር፤ ምንም አልሆነችም።

ገመዱን በተመለከተ፦ ኡኖ የምትፈልገው ያንን አራት ማዕዘን አፍ ያለውን የፕሪንተር ገመድ ነው። ፎቶ ኮፒ ቤት ያለው ዘመድ ካላችሁ አትግዙ።

ደረጃ 2፦ ባዶ ቦርድ

ሰው ሁሉ የሚሳሳተው እዚህ ነው። እኔም ተሳስቻለሁ። ዕቃው እንደ ደረሰ ሁሉንም በአንድ ማታ ሰካሁት። ሳበራው አንድም ነገር አልሠራም። ጥፋቱ ከሴንሰሩ ይሁን፣ ከኮዱ ይሁን፣ ከገመዱ ይሁን በምን አውቃለሁ? ሦስት ቀን በከንቱ ሄደ። በመጨረሻ የተገኘው ጥፋት አንዲት ውስጧ የተበጠሰ ጃምፐር ሽቦ ነበረች። ስለዚህ አንድ ነገር ጨምሩ፣ ሞክሩ፣ ሲሠራ ብቻ ሌላ ጨምሩ።

የአርዱይኖ ሶፍትዌር ነፃ ነው። ደህና ኢንተርኔት ስታገኙ አውርዱት፤ ከተጫነ በኋላ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። አዲሱ ባለ 2 ቁጥሩ ያማረ ነው፣ ግን ላረጀ ላፕቶፕ ይከብዳል። የኔ ላፕቶፕ ሲከፈት ጄኔሬተር የተነሳ ስለሚመስል የምጠቀመው የቆየውን 1.8.19 ነው።

ቦርዷን ብቻዋን ላፕቶፑ ላይ ሰኩ። «ቱልስ» ውስጥ ገብታችሁ ቦርዱን «አርዱይኖ ኡኖ» አድርጉ፤ ከዚያ ሥር ፖርቱን ምረጡ። ፖርት የሚባል ነገር ካልታየ ቦርዷ ላይ ዩኤስቢው አጠገብ ያለችውን ቺፕ በስልክ ካሜራ አጉልታችሁ አንብቡ። ሲኤች340 ካለች የእሷን ድራይቨር፣ ማለትም ከላፕቶፑ ጋር የሚያስተዋውቃትን ፕሮግራም፣ መጫን ሊያስፈልግ ይችላል። ድራይቨሩ ካለና አሁንም ካልታየ ገመድ ቀይሩ።

አሁን ከ«ፋይል» ወደ «ኤግዛምፕልስ»፣ ከዚያ «ቤዚክስ»፣ ከዚያ «ብሊንክ»። የቀስት ምልክቷን ተጫኑ። ቦርዷ ላይ ያለች ትንሽ መብራት አንድ ሰከንድ በርታ አንድ ሰከንድ ትጠፋለች። ኮዱ ላይ 1000 የሚለውን ሁለት ቦታ 200 አድርጉና እንደገና ጫኑ። ስትፈጥን ካያችሁ ቦርዱም፣ ገመዱም፣ ድራይቨሩም ጤነኛ ናቸው። እዚህ ሳትደርሱ ሌላ ሽቦ አትንኩ።

ደረጃ 3፦ የገደል ማሚቶ

ሴንሰሩ የሚሠራው በገደል ማሚቶ ነው። ሰው የማይሰማው የ40 ኪሎ ኸርዝ ድምፅ ይልካል። ድምፁ ውኃው ላይ ነጥሮ ይመለሳል። ሄዶ ለመመለስ የፈጀበትን ጊዜ ቦርዷ ትቆጥራለች። ድምፅ በ20 ዲግሪ ሙቀት በሰከንድ 343 ሜትር ይጓዛል። አንድ ሴንቲ ሜትር ለመሄድ 29 ማይክሮ ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል ማለት ነው። መንገዱ ደርሶ መልስ ስለሆነ ለሁለት ይካፈላል።

አንድ የፖሊ ተማሪ «ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1800 ሜትር ገደማ ናት፣ አየሩ ሳሳ ስለሚል ልኬቱ አይዛባም ወይ?» ብሎኝ ነበር። ጥሩ ጥያቄ ነው። አይዛባም። የድምፅን ፍጥነት የሚለውጠው ሙቀት እንጂ ከፍታ አይደለም። ሙቀቱም ቢሆን ከ20 ወደ 30 ዲግሪ ሲወጣ ልዩነቱ በአንድ ሜትር ላይ ሁለት ሴንቲ ሜትር እንኳ አይሞላም። ለሮቶ እርሱት።

ኃይሉን ነቅላችሁ፣ ማለትም ዩኤስቢውን ከላፕቶፑ አውጥታችሁ፣ አራት ሽቦ አገናኙ። ሁልጊዜ ሽቦ ስትቀይሩ ኃይሉ ይነቀል። የሴንሰሩ ቪሲሲ፣ ማለትም የኃይል መግቢያው፣ ወደ 5 ቮልት። ግራውንዱ ወደ ግራውንድ። መላኪያው ትሪግ ወደ 7። መቀበያው ኢኮ ወደ 8። 0 እና 1 ቁጥር እግሮችን አትንኩ፤ ቦርዷ ከላፕቶፑ ጋር የምታወራው በእነሱ ነው።

ኮድ ከባዶ መጻፍ አያስፈልግም። ከሶፍትዌሩ ጋር አብሮ የመጣ ምሳሌ አለ። «ኤግዛምፕልስ» ውስጥ «ሴንሰርስ»፣ እዚያ ውስጥ «ፒንግ»። ይህ የተጻፈው ለሌላ ሴንሰር ነው፤ መላኪያና መቀበያው አንድ እግር ለሆነ። የኛው ሁለት እግር ስላለው ሦስት ነገር እንለውጣለን።

መጀመሪያ ከላይ «ፒንግፒን» 7 ነው የሚለውን መስመር ገልብጣችሁ ከሥሩ ለጥፉ፤ ስሙን «ኢኮፒን»፣ ቁጥሩን 8 በሉት። ቀጥሎ «ኢንፑት» የሚል ያለበት መስመርና «ፐልስኢን» ያለበት መስመር ላይ ብቻ «ፒንግፒን»ን በ«ኢኮፒን» ተኩ። ሌሎቹን ተዉአቸው። በመጨረሻ መላኪያው ከፍ ብሎ የሚቆይበትን 5 ማይክሮ ሰከንድ 10 አድርጉት። በቃ።

ጫኑትና «ሲሪያል ሞኒተር»ን ክፈቱ። ፍጥነቱ 9600 ይሁን፤ ካልሆነ የምታነቡት ጠንቋይ የጻፈው ነው የሚመስለው። ቁጥሮች ሲወርዱ ታያላችሁ። ደብተር ከሴንሰሩ 20 ሴንቲ ሜትር ላይ ያዙ። ከማስመሪያው ጋር አስተያዩ። 30፣ 50፣ 100 ላይ ድገሙት። እኔ ጋቢ ለብሼ ፊቱ ቆሜ ቁጥሩ ሲያብድብኝ ሴንሰሩ የተበላሸ መስሎኝ ነበር። ለስላሳ ጨርቅ ድምፁን ይውጠዋል። ውኃ ግን እንደ መስታወት ነው፤ ደህና አድርጎ ይመልሳል።

ደረጃ 4፦ መብራትና ድምፅ

መብራቶቹ ለቀን፣ ድምፁ ለሌሊት ነው። አረንጓዴው ሮቶው ከግማሽ በላይ ሲሆን፣ ቢጫው ከግማሽ ሲወርድ፣ ቀዩ ከ15 በመቶ በታች ሲሆን ይብራ። ረጅሟን የኤልኢዲ እግር በሬዚስተር በኩል ወደ 10፣ 11 እና 12፤ አጭሯን ወደ ግራውንድ። ሬዚስተሩ ለምን? የቀይ ኤልኢዲ ድርሻ 2 ቮልት ያህል ነው። ቀሪው 3 ቮልት በ220 ኦም ሲያልፍ 14 ሚሊ አምፔር ገደማ ይሆናል። የቦርዷ አንድ እግር ያለ ጭንቀት የምትችለው 20 ነው። ያለ ሬዚስተር ከሰካችሁ ወይ ኤልኢዲው ወይ እግሯ ይሄዳል።

ባዘሩ ወደ 6። ባለ ሦስት እግሩን ያልኩት ትራንዚስተር አብሮት ስለተሠራ ነው፤ የቦርዷን እግር አያስጨንቅም። አንዳንዶቹ ግን ነገራቸው የተገላቢጦሽ ነው። «ሎው» ስትሏቸው ይጮኻሉ፣ «ሃይ» ስትሏቸው ዝም ይላሉ። ገና ስታበሩት ከጮኸ አትደንግጡ፤ ኮዱ ላይ ሁለቱን አቀያይሩ።

«ብሊንክ» ላይ «ኤልኢዲ_ቢልትኢን» የሚለውን ሁሉ በየተራ በ10፣ በ11፣ በ12 እና በ6 እየተካችሁ እያንዳንዱን ለብቻው ሞክሩ። አሰልቺ ነው። አድርጉት።

ደረጃ 5፦ ሮቶውን መለካት

ሮቶ ሁሉ አንድ አይደለም፤ የራሳችሁን ለኩ። ሁለት ቁጥር ነው የሚያስፈልገው። አንደኛው ሴንሰሩ ከሚቀመጥበት ከክዳኑ እስከ ወለሉ። ሁለተኛው ከክዳኑ ውኃው እንዲቆም እስከምትፈልጉበት። የኛ ግቢ 125 እና 30 ሴንቲ ሜትር ሆነ። ልዩነቱ 95 ነው።

ስሌቱ ቀላል ነው። 125 ሲቀነስ የተለካው ርቀት፣ ሲባዛ በ100፣ ሲካፈል ለ95። ሴንሰሩ 49 ካለ 76 ሴንቲ ሜትር ውኃ አለ፤ 7600 ለ95 ሲካፈል 80 በመቶ። መጀመሪያ ማባዛት፣ ከዚያ ማካፈል። ቅደም ተከተሉን ካዛባችሁት ሮቶው ሁልጊዜ ባዶ ነው። ምክንያቱም ኡኖ ሙሉ ቁጥርን ለሙሉ ቁጥር ስታካፍል ትራፊውን ትጥለዋለች። ለእሷ 76 ለ95 ሲካፈል 0 ነው።

ደረጃ 6፦ ኮዱን ማስታጠቅ

የመጀመሪያው ኮዴ «ርቀቱ ከ35 ሴንቲ ሜትር ካነሰ ጩኺ» የሚል ብቻ ነበር። ጠረጴዛ ላይ ግሩም ሠራ። ሮቶው ላይ በወጣ በሦስተኛው ቀን ከሌሊቱ 8 ሰዓት ጮኸ። አከራዬ በነጠላ ወጡ። ውኃ የለም። ቧንቧው ደረቅ ነው። ሮቶው ግማሽ ነው። ደወሉ ይጮኻል።

ጠዋት ሳየው የትሪግ ሽቦ ተነቅሏል። «ፐልስኢን» የሚባለው ትዕዛዝ ምላሽ ሲያጣ አንድ ሰከንድ ጠብቆ 0 ይመልሳል። 0 ደግሞ ከ35 ያንሳል። ቦርዷ ያልኳትን ነው ያደረገችው። መልስ ማጣትን ከሞልቷል ለይቼ አልነገርኳትም።

ስለዚህ ሦስት መከላከያ አስገቡ። ከ20 ሴንቲ ሜትር በታችና ከ200 በላይ የሆነ ቁጥር ሁሉ ውሸት ነው፤ ይዝለል። እንደዚያ ያለው ከበዛ ደግሞ ቢጫው ብልጭ ድርግም ይበል፤ ሴንሰሩ መታመሙን እወቁ። ሁለተኛ፣ አንድ ልኬት አይታመን። «ሞልቷል» የሚለው በተከታታይ 5 ጊዜ ሲመጣ ብቻ ይጩኽ፤ መሐል ላይ አንድ ሌላ መልስ ከመጣ ቆጠራው ከ0 ይጀምር። ሲሞላ የውኃው ፊት ስለሚናወጥ ይህ በጣም ይረዳል። ምሳሌው ላይ በየልኬቱ መሐል ያለውን 100 ሚሊ ሰከንድ ወደ 1000 አሳድጉት።

ሦስተኛው ማስቆሚያ ቁልፍ ነው። ይህንንም የተማርኩት በሌሊት ነው። አከራዬ ነቅተው ቧንቧውን ዘጉ። ሮቶው ግን ሞልቶ እንደቆመ ነው፤ ደወሉም እንደዚያው። ሰፈሩ ነቃ፤ ሶኬቱን ነቅዬ ገላገልኩት። ቁልፏን በ2 ቁጥር እግርና በግራውንድ መሐል አድርጉ። ኮዱ ላይ እግሯን «ኢንፑት ፑልአፕ» በሏት፤ ተጨማሪ ሬዚስተር አያስፈልግም። ስትጫን «ሎው» ትሰጣለች። አንዴ ከተጫነች ደወሉ ውኃው እስከ 40 ሴንቲ ሜትር እስኪጎድል ዝም ይበል፣ ከዚያ እንደገና ይዘጋጅ። 35 ላይ ተነስቶ 40 ላይ የሚያርፍ መሆኑ ሆን ተብሎ ነው። ሁለቱም አንድ ቁጥር ቢሆኑ አንድ ሞገድ ባለፈ ቁጥር ጮኸ ዝም፣ ጮኸ ዝም ይላል።

ደረጃ 7፦ ወደ ሮቶው መውጣት

አሁን ርካሹን ሴንሰር አውጥታችሁ ጄኤስኤን-ኤስአር04ቲን ተኩ። እግሮቹ ተመሳሳይ ናቸው። ምላሽ ካጣችሁ መላኪያውን ከ10 ወደ 20 ማይክሮ ሰከንድ አሳድጉ። ይህ ሴንሰር ከ20 እስከ 25 ሴንቲ ሜትር ድረስ ያለውን ቅርብ ነገር አያይም። ውኃው ከዚያ በላይ ከተጠጋው የማይረባ ቁጥር ይሰጣል። ደወሉን 35 ላይ ያደረግሁት ለዚህ ነው።

የሮቶውን ክዳን ብሱና ዓይኑን ቁልቁል ግጠሙት። ቀጥ ይበል፤ ካዘነበለ ማሚቶው ግድግዳ ላይ ይባክናል። ከጎኑ ራቅ ይበል። ውኃ ከሚወርድበት አፍ ደግሞ በጣም ይራቅ፤ እኔ በመጀመሪያ አጠገቡ አድርጌው የወራጁን ውኃ ነበር የሚለካው። የብሱን ዙሪያ በሲሊኮን ድፈኑ። ብሱን ስትበሱ ክዳኑን መሬት አውርዳችሁ ይሁን፤ የሚጠጣ ውኃ ውስጥ የፕላስቲክ ፍርፋሪ ማን ይፈልጋል?

ሴንሰሩ ያለባት ትንሿ ሰርኪዩትና ኡኖዋ ክዳን ባለው የፕላስቲክ ሳጥን ይቀመጡ። ሳጥኑን ከሮቶው ሥር ጥላ ውስጥ እሰሩት። የሽቦ መግቢያዎቹ ከታች በኩል ይሁኑ፤ የክረምት ዝናብ በጎን ይገባልና። ሽቦው ወደ ሳጥኑ ከመግባቱ በፊት ወደ ታች ዘንበል ብሎ ይታጠፍ፤ ውኃው እዚያ ላይ ይንጠባጠባል። ቀዳዳዎቹን ካልደፈናችሁ ጉንዳን ቤቷ ያደርገዋል።

ብሬድቦርድ ለመሞከሪያ እንጂ ለኑሮ አይደለም። እዚህ ላይ ሽቦዎቹ በስታኞ ይያዙ፤ ወይም በብሎን የሚጠብቅ ቴርሚናል ተጠቀሙ። ያ የትሪግ ሽቦ የተነቀለው ብሬድቦርዱን እንዳለ ስለሰቀልኩት ነው።

ባዘሩና ቁልፏ ግን መኝታ ቤት ይግቡ። እኔ የተረፈ የኔትወርክ ኬብል ነው የዘረጋሁት። ውስጡ ስምንት ቀጫጭን ሽቦ አለው፤ ለባዘሩ ሦስት፣ ለቁልፏ ሁለት፣ የቀረው ለመብራቶቹ።

ደረጃ 8፦ ኃይል

የስልክ ቻርጀር 5 ቮልት ይበቃታል። ችግሩ መብራት ሲሄድ ነው። ውኃ ደግሞ መብራት የሌለበት ሌሊት መምጣት ትወዳለች።

ፓወር ባንክ ሞክሬ ነበር። ብዙዎቹ «ስልኩ ሞልቷል» ብለው ራሳቸውን ያጠፋሉ፤ ኡኖ የምትወስደው ኃይል በጣም ትንሽ ስለሆነ የተሰካ ነገር ያለ አይመስላቸውም። አራት ማዕዘኗ ባለ 9 ቮልት ባትሪ ደግሞ ቀን አትሞላም። የተመቸኝ ለዋይፋይ ራውተር የሚሸጠው ትንሽ ዩፒኤስ፣ ማለትም መብራት ሲሄድ የሚተካ ባትሪ፣ ነው። ባለ 9 ቮልቱ መውጫ በክቡ የኡኖ መሰኪያ ይገባል፤ መሐሉ ፖዘቲቭ መሆኑን አረጋግጡ። እዚያ መሰኪያ ላይ የሚመከረው ከ7 እስከ 12 ቮልት ነው። 12ም ይሆናል፣ ግን ቦርዷ ትግላለች። 5 ቮልት በሚለው እግር ላይ 9 ወይም 12 ከሰካችሁ ግን ደህና ሁኚ ማለት ነው።

ሰዎች «ፓምፑንም ራሷ ታጥፋው» ይሉኛል። በሪሌ፣ ማለትም ቦርዷ በምታዘው ማብሪያ ማጥፊያ፣ ይቻላል። ነገር ግን 220 ቮልትና የውኃ ጋን አንድ ላይ ሲመጡ ያ የኤሌክትሪክ ባለሙያ ሥራ ነው። እኔ አልነካሁትም።

አከራዬ የጨመሩት

ደወሉ ሠርቶ ሁለት ሌሊት በሰላም ካደርን በኋላ እትዬ ቡና ጠሩኝ። ሁለተኛው ስኒ ላይ ነገሩ መጣ።

«ሲሞላ መናገሩስ ደግ። ውኃዋ ስትመጣ አይናገርም?»

ይናገራል። አዲስ ዕቃም አይፈልግም። የሮቶው ቧንቧ ሌት ተቀን ክፍት ይሁን። ቦርዷ በየ5 ደቂቃው አንድ ልኬት ታስቀምጥ። አዲሱ ከቀድሞው በ3 ሴንቲ ሜትር ካነሰ ውኃው ወደ ላይ እየወጣ ነው፤ ሁለት ጊዜ አጠር አድርጋ ትጩኽ። 5 ደቂቃ 300000 ሚሊ ሰከንድ ነው። «ኢንት» የሚባለው ተራው የቁጥር ማስቀመጫ ከ32767 በላይ ስለማይዝ ቁጥሩን «አንሳይንድ ሎንግ» ውስጥ አስቀምጡት። ጊዜውን ደግሞ «ሚሊስ» በሚባለው ትዕዛዝ ቁጠሩ እንጂ በ«ዲሌይ» አይደለም። በ«ዲሌይ» 5 ደቂቃ ካስተኛችኋት፣ በዚያች 5 ደቂቃ ሮቶው ሞልቶ ቢፈስም አትሰማም።